ኢንዲጎ (ኒል) በጎንደር፦ ስለ አተካከሉ፣ አጨዳውና ቀለም አወጣጡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢንዲጎ፣ በአማርኛ ኒል የምንለው፣ ከቅጠል የሚወጣ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ተክሉን መሞከር የሚፈልጉ ገበሬዎች፣ ሸማኔዎችና ጥልፍ ሠሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መጠኖቹን ያሰላነው ለትንሽ ማሳና ለአንድ በርሜል ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ከ10 ኪሎ ቅጠል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ቢበላሽም ጉዳቱ የአንድ በርሜል ብቻ ይሆናል።

ጎንደር ላይ ይበቅላል ወይ? ቆላ ብቻ የሚወድ ተክል አይደለም?

ይበቅላል። ቆላ የሚወደው በሕንድ የታወቀው ኢንዲጎፌራ ቲንክቶሪያ የሚባለው ዝርያ ነው፤ እሱ እንደ መተማና ቋራ ያለ ሞቃት አገር ይስማማዋል። ኢንዲጎፌራ አሬክታ ግን የራሳችን ደጋና ወይና ደጋ ተወላጅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአፍሪካ ወደ ጃቫ ተወስዶ እዚያ ዋና የቀለም ሰብል እስከ መሆን ደርሷል። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስላለች አሬክታ ይሻላል። ወደ ደምቢያ ሜዳ፣ 1,800 ሜትር አካባቢ ሲወርዱ ሁለቱንም ጎን ለጎን መሞከር ይቻላል። ከተማዋ ላይ የሚያስቸግረው ማብቀሉ ሳይሆን የሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ዕድገቱ ይዘገያል፤ ቅጠሉ ሲዘፈዘፍም ቅዝቃዜው ሥራውን ያጓትታል። ወደ በርሜሉ ስንደርስ እንመለስበታለን።

የዱር ተክሉን በምን እለየዋለሁ?

አሬክታ እስከ 3 ሜትር የሚደርስ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ ቁጥቋጦ ነው። ትንንሽ ቅጠሎቹ በአንድ ዘንግ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይደረደራሉ፤ ጫፉ ላይ ግን ብቻዋን የቆመች አንዲት ቅጠል አለች። አበባው ደቃቅና ወደ ቀይ ያደላ ሮዝ ሲሆን በቅጠሉ ብብት ውስጥ በአጭር ዘለላ ይወጣል። የዘር ከረጢቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቀጥ ያለ፣ ሲደርስ ቡናማ ነው። ለመኖ የሚተከለው ሰስባንያ ከሩቅ ሲታይ ይመሳሰለዋል፤ የሱ አበባ ግን ቢጫ ነው፣ ከረጢቱም ረጅምና ቀጭን ነው፣ ጫፉ ላይም ብቸኛ ቅጠል የለውም።

የኢንዲጎፌራ ወገን የሆነ ሁሉ ደግሞ ቀለም አይሰጥም። ዘር ከመልቀምዎ በፊት ቅጠሉን ይፈትኑት። ሁለት እፍኝ ለጋ ቅጠል በአንድ ሊትር ማሰሮ ይጨምሩ፣ ለብ ያለ ውሃ ሞልተው ይክደኑትና ለአንድ ቀን ሙቅ ቦታ ያስቀምጡት። ከዚያ ውሃውን ብቻ ወደ ሌላ ማሰሮ ገልብጠው ሩብ የሻይ ማንኪያ ኖራ ይጨምሩና አምስት ደቂቃ ያህል አጥብቀው ይናጡት። አረፋው ሰማያዊ ከሆነ ተክሉ ቀለም አለው። አረፋው ቢጫ ወይም ነጭ ሆኖ ከቀረ ሌላ ተክል ይፈልጉ።

ከዱር ሲለቅሙ ከአንድ ቁጥቋጦ ላይ ዘሩን ሙልጭ አድርገው አይውሰዱ። ዘሩን ወደ ውጭ አገር ለመላክ ካሰቡ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ዘሩን ዘራሁት፤ ወር ሙሉ ምንም አልበቀለም። ዘሩ ሞቶ ነው?

ብዙ ጊዜ አልሞተም። ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ውሃ አላስገባም ማለት ነው። ውሃ አፍልተው ከእሳት ያውርዱ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ያብርዱት፣ ከዚያ ዘሩ ላይ ያፍስሱትና እስከ ማግስቱ ይተዉት። ዘሩን ራሱን እሳት ላይ አይቀቅሉት። በማግስቱ ያበጠውን ለይተው ይዝሩ፤ ያላበጠውን በሁለት የአናጢ ብርጭቆ ወረቀት መካከል ቀስ ብለው አሽተው እንደገና ይዘፍዝፉ። ያበጠ ዘር አፈሩ ሞቅ ካለ ከ4 እስከ 10 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። ጥልቀቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይለፍ።

መቼ ላፍላ፣ መቼ ልትከል?

በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ በፕላስቲክ ቱቦ ያፍሉ። ለቱቦው ሦስት እጅ የላይ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ይበቃል። በየቱቦው ሁለት ሦስት ዘር ጥለው በኋላ ጠንካራውን ብቻ ያስቀሩ። ችግኙ 15–20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ዝናቡ ከያዘ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይተከላል። በመስመር መካከል 60፣ በተክል መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ይተዉ፤ 10 በ10 ሜትር ቦታ 420 ያህል ችግኝ ይይዛል፤ የሚሞተውን ለመተካት 450 ቱቦ ያዘጋጁ።

በቀጥታ ማሳ ላይ መዝራት ይቻላል፤ እኛ ግን አንመክርም። ኢንዲጎ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፤ የጎንደር ክረምት አረም ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በችግኝ የተተከለው እንኳ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ሁለት ጊዜ መታረም አለበት። ቅርንጫፉ ከተገናኘ በኋላ መሬቱን ራሱ ይሸፍነዋል።

መሬቴ ዋልካ ነው። ይሆናል?

እንዳለ ከሆነ አይሆንም። ኢንዲጎ ድርቅን ይታገሣል፣ የተኛ ውሃን ግን አይችልም። ዋልካ ላይ በሐምሌ ውሃ ሲያቁር ሥሩ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆንና ተክሉ በሳምንት ውስጥ ይጠወልጋል። ብዙዎች ውሃ የጠማው መስሏቸው ይበልጥ ያጠጡታል። አንዱን ነቅለው ሥሩን ይዩ፤ ጠቁሮና ልሞ ቆዳው በእጅ የሚላጥ ከሆነ መንስኤው የተኛው ውሃ ነው። ያለዎት ዋልካ ብቻ ከሆነ አንድ ሜትር ስፋትና ከ20–25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ ያውጡ፣ በመደቦቹ መካከል ማፋሰሻ ቦይ ይቅደዱ፣ ችግኙን መደቡ ላይ ይትከሉ። ተዳፋት ቀይ አፈር ካለዎት ግን እሱን ይምረጡ።

ዩሪያ ልጨምር?

አያስፈልግም። እንደ ባቄላና ሽምብራ ከአየር ናይትሮጅን የሚያስገባ ተክል ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ1 እስከ 2 ኪሎ የበሰለ ኮምፖስት ይበቃዋል። የሚቻል ከሆነ ከዱር ኢንዲጎ ሥር የተወሰደ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር ከችግኙ አፈር ጋር ይቀላቅሉ፤ ሥሩ ላይ እባጭ የሚፈጥሩት ባክቴሪያዎች በዚያ ይመጣሉ። እባጩን ሲሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው።

ከብት ይበላዋል? ተባይስ?

ፍየል ካገኘው አይምረውም፤ አጥር የግድ ነው። ሆኖም ለመኖ ብላችሁ አትስጡ፤ ከዚሁ ወገን ከብትን የሚመርዙ ዝርያዎች አሉ። ከተባይ ክሽክሽና ቅጠል የሚበላ ትል ይመጡበታል። ክሽክሽን በሳሙና ውሃ መርጨት ይበቃል፤ ትሉ በእጅ ይለቀማል። አጨዳው ከቀረበ ማንኛውንም ኬሚካል አይርጩ፤ ቅጠሉ እንዳለ ወደ በርሜል ነው የሚገባው።

መቼ ይታጨዳል?

የአበባው እምቡጥ ብቅ ብቅ ሲል፣ አበባው ሳይፈነዳ። በሐምሌ መጀመሪያ የተተከለ በጥቅምት ለዚህ ይደርሳል። ዘር ከያዘ በኋላ የታችኛው ቅጠል ይረግፋል፣ በቀረውም ውስጥ ያለው ቀለም ይቀንሳል። ጠዋት በማለዳ፣ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር አስቀርተው በስለታም ማጭድ ወይም መቀስ ይቁረጡ። ከዚያ በታች ከተቆረጠ አዲስ የሚያቆጠቁጥበት ዓይን አይቀረውም። ውሃ ካገኘ በጥርና በየካቲት መካከል ሁለተኛ አጨዳ ይሰጣል። ለዘር የሚሆኑትን አስር አስራ አምስት ተክሎች ከመጀመሪያው ለይተው ሳያጭዱ ይተዋቸው።

ቀለሙ የሚጠፋው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የታጨደው ቅጠል ተከምሮ ከዋለ ከውስጥ ይግላል፣ ይጠቁራል። በአህያ ተጭኖ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ከተጓዘም ያው ነው። በአንድ ጠዋት መዘፍዘፍ የሚችሉትን ያህል ብቻ ይቁረጡ፤ በርሜሉ ማሳው ዳር ቢሆን ይመረጣል።

ቀለሙ ከቅጠሉ የሚወጣው እንዴት ነው?

ለጋው ቅጠል ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የለም። ኢንዲካን የሚባል ቀለም አልባ ነገር ነው ያለው። ቅጠሉ ሲዘፈዘፍ ኢንዲካን ከስኳሩ ተላቆ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ውሃው ኖራ አግኝቶ በአየር ሲናጥ ደግሞ ሰማያዊ ይሆንና ይዘቅጣል። ስለዚህ ሥራው መዘፍዘፍ፣ ኖራ መጨመርና መናጥ ነው።

ለ10 ኪሎ ቅጠልና ለጋ ቅርንጫፍ 100 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜልና 80 ሊትር ውሃ ያዘጋጁ። እርሳስ ከሚያክለው የወፈረ ግንድ አያስገቡ፤ ቦታ ይይዛል እንጂ ቀለም የለውም። ውሃው ከ30–35 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ አንድ ባልዲ የፈላ ውሃ ከሦስት ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይቀላቅሉ፤ ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ግድም ስለሆነ ቅልቅሉ 34 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። የፈላ ውሃ በቀጥታ ቅጠሉ ላይ ከፈሰሰ ግን ኢንዲካንን የሚፈታው ኢንዛይም ይሞታል፣ ቀለምም አይወጣም።

ቅጠሉን ሳያጭቁ ይክተቱ፣ ውሃውን ይጨምሩ፣ ቅጠሉ ብቅ እንዳይል ላዩ ላይ እንጨት አጋድመው ድንጋይ ይጫኑበት። በርሜሉን በጆንያና በጭድ ጠቅልለው ፀሐይ የሚመታው ቦታ ያቁሙት። ጠዋት 2 ሰዓት የተዘፈዘፈ ማታ 2 ሰዓት ላይ መጀመሪያ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በማግስቱ ጠዋት፣ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ነው። ውሃው ሳይሞቅ ከተዘፈዘፈ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል።

መድረሱን ዓይንና አፍንጫ ይነግርዎታል። ውሃው ብርሃን የሚያፈልቅ የሚመስል አረንጓዴ ቢጫ ይሆናል፤ ላዩ ላይ ወደ መዳብ የሚያደላ ሰማያዊ ስስ ቆዳ ይዘረጋል፤ በጎኑ ትንንሽ አረፋ ይነሳል። ሽታው የታጨደ ሣርና ጣፋጭ ነገር ይመስላል። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ጥንስሱ የደረሰበትን ሰዓት እንደምታውቀው ይህም በጥቂት ሙከራ ይለመዳል። ሽታው ወደ ግማት ከዞረ አልፎበታል፤ ያኔ ቶሎ ያውጡት።

ቅጠሉን አውጥተው ውሃውን በአቡጀዲ ያጥልሉ። ከ150 እስከ 200 ግራም ኖራ በተለየ ባልዲ በጥቂት ውሃ በጥብጠው፣ ጠጠሩ እስኪዘቅጥ ጠብቀው፣ የላዩን ነጭ ውሃ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። የፒኤች ወረቀት (የኖራውን ኃይል በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ) ካለዎት ከ10 እስከ 11 ሲደርስ ያቁሙ።

ወዲያው መናጥ ይጀምሩ። በሁለት ባልዲ ከፍ አድርጎ እየቀዱ መገልበጥ ይበቃል፤ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል፣ ለሁለት ቢሠራ ይሻላል። አረፋው መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ በመጨረሻ ይሟሽሽና ይከስማል። ያን ጊዜ በብርጭቆ ቀድተው ለጥቂት ደቂቃዎች ያስቀምጡት። ሰማያዊው ወደ ታች ወርዶ ከላይ የቀረው ውሃ ቀጭን ሻይ ከመሰለ ሥራው አልቋል። ከላይ ያለው ገና አረንጓዴ ከሆነ መናጡን ይቀጥሉ፤ እዚያ ላይ የተወ ሰው ቀለሙን ከውሃው ጋር ነው የሚደፋው።

ሌሊቱን ያሳድሩት። በማግስቱ የላዩን ውሃ በቱቦ ስበው፣ የታችኛውን ዝቃጭ ድርብ አቡጀዲ ላይ ያንጠፍጥፉት። እንደ ቀጭን ሊጥ ሲሆን አንድ ስኒ አቼቶ በተጨመረበት አምስት ሊትር ውሃ አንድ ጊዜ፣ በንጹሕ ውሃ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጠቡት፤ አቼቶው ትርፍ ኖራውን ያሟሟዋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ያድርቁ። በርጥበቱ ለማስቀመጥ ከፈለጉ ሊጡን በተከደነ ማሰሮ ያኑሩ፤ ግን ቶሎ ይጠቀሙበት፣ ይሻግታል።

ኖራ የትኛው ነው? የእርሻ ኖራ አይሆንም?

አይሆንም፤ ብዙ ሙከራ የሚከሽፈው በዚህ ነው። ለአሲዳማ መሬት ማከሚያ የሚሰጠው የእርሻ ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ለዚህ ሥራ አቅም የለውም። የሚያስፈልገው ተቃጥሎ በውሃ የጠፋ፣ ቤት የሚቀባበት ኖራ፣ ማለትም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። የፋሲል ግንብ ድንጋይ የተያያዘውም በተቃጠለ ኖራ ነው። ለመለየት ትንሽ አቼቶ ያንጠባጥቡበት። ክፉኛ ከተንፈቀፈቀ የእርሻ ኖራ ነው፤ ወይም ጥሩው ኖራ ክፍት ከረጢት ውስጥ ቆይቶ ከአየር ጋር ተዋህዶ ተበላሽቷል። ኖራን ሁልጊዜ አየር በማያስገባ ዕቃ ያስቀምጡ፤ ሲሠሩም ጓንትና መነጽር ያድርጉ፣ ዓይን ያቃጥላል።

ዱቄቱ ግራጫ ሆነብኝ። ምን አጠፋሁ?

ወይ ኖራው በዝቷል ወይ ቅጠሉ ከልክ በላይ ተብላልቷል። ኖራው በዝቶ ከሆነ ዱቄቱ ከባድና ነጣ ያለ ነው፤ በአቼቶ ውሃ ሲታጠብ ይሻሻላል። ከልክ በላይ ተብላልቶ ከሆነ ግን አይመለስም። አረፋው ጨርሶ ሰማያዊ ሳይሆን ከቀረ ውሃው ቀዝቅዞ ኢንዲካኑ አልወጣም፣ ወይም ኖራው ደካማ ነበር። ሰማያዊ ሆኖ አልዘቅጥ ካለ ጥቂት ኖራ ጨምረው አንድ ሌሊት ይታገሡት።

ከ10 ኪሎ ቅጠል ስንት ይገኛል?

ከ20 እስከ 40 ግራም ደረቅ ዱቄት። 10 በ10 ሜትር ማሳ በአንድ አጨዳ 100 ኪሎ ያህል ከሰጠ ከ200 እስከ 400 ግራም ማለት ነው። ዱቄቱ ኖራና ሌላ ነገር ስለሚቀላቀልበት ሁሉም ንጹሕ ኢንዲጎ አይደለም። ትንሽ ይመስላል፤ ለብዙ ነጠላ ጥለት የሚሆን ክር ግን ያቀልማል።

ለነጭ ልብስ ማንጫ የሚሸጠው ሰማያዊ ዱቄት ይኸው ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። እሱ አልትራማሪን የሚባል ማዕድን ነው፤ ጨርቁ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይዘልቅም። አሲድ ሲነካው ቀለሙ ይጠፋና የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ኢንዲጎ ግን አይለወጥም። የጂንስ ሰማያዊ ኢንዲጎ ነው፤ በፋብሪካ የተሠራው። ባስፍ የተባለው የጀርመን ኬሚካል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1897 ለገበያ ካወጣው ወዲህ የቅጠሉን ገበያ የዘጋው እሱ ነው።

ጥጥ እንዴት አቀልማለሁ? ስኳር ብጨምር ይሆናል?

ነጭ ስኳር ብቻውን አይሠራም። ኢንዲጎ ውሃ ውስጥ እንዲሟሟ ኦክስጅኑን የሚነጥቀው ነገር ይፈልጋል፤ ማርና የበሰለ ፍሬ ውስጥ ያለው ስኳር ይህን ያደርጋል፣ የሱቁ ስኳር አያደርግም። ለ10 ሊትር ጥንስስ (ክሩ የሚነከርበት ፈሳሽ) 30 ግራም ኢንዲጎ፣ 60 ግራም ኖራና 120 ግራም ማር ይያዙ። ማር ከተወደደ ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ ቀቅለው ያጠለሉት ውሃ ይተካዋል። የአሉሚኒየም ድስት አይጠቀሙ፤ ኖራው ይበላዋል። የሸክላ ጋን ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን።

ኢንዲጎውን በጥቂት ለብ ያለ ውሃ አልመው ይፍጩ። ማሩን 50 ዲግሪ ግድም በሆነ ውሃ ይበጥብጡ፣ ኢንዲጎውን ይጨምሩ፣ ከዚያ ኖራውን እያማሰሉ በትንሽ በትንሹ። ሙቀቱን ጠብቀው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ይተዉት። ላዩ የመዳብ ቆዳ ሲያወጣ፣ በማንኪያ የቀዱት ፈሳሽም ቢጫ ቡናማ ሆኖ አየር ሲነካው ወዲያው ሲያረንጉድ ደርሷል።

ጥጡን አስቀድመው በልብስ ሳሙና አንድ ሰዓት ይቀቅሉ፤ ተፈጥሯዊ ሰሙ ካልወጣ ቀለሙ ዥጉርጉር ይሆናል። ክር በልቃቂት አይነከርም፤ በላላ ዙር ጠቅልለው አራት ቦታ ላይ ልል አድርገው ይቋጥሩት። አርጥበው፣ የታችኛውን ዝቃጭ ሳይነካ፣ ለአምስት ደቂቃ ይንከሩት። ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ዓይንዎ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ሩብ ሰዓት አናፍሰው እንደገና ይንከሩ። ለውሃ ሰማያዊ ሁለት ጊዜ፣ ለጥቁር ሰማያዊ ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ነው። አሉም ወይም ሌላ ማጣበቂያ አያስፈልገውም።

ከደረቀ በኋላ እጅ ላይ ይለቃል። ለምን?

ጥንስሱ ወፍሮ በጥቂት ጊዜ ተነክሯል፣ ወይም ጥጡ በደንብ አልተቀቀለም። ቀለሙ ወደ ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ ቀርቷል። ቀጭን ጥንስስ ላይ ደጋግሞ መንከር ይሻላል። አንድ ቀን ካናፈሱት በኋላ አቼቶ በተጨመረበት ውሃ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ በሳሙና ውሃ ቀቅለው፣ ውሃው እስኪጠራ ያለቅልቁት።

ጥንስሱ ስንት ጊዜ ያገለግላል? ቅሪቱስ?

ተከድኖ ለሳምንታት ይቆያል። ፈሳሹ ሰማያዊ ከሆነ አሙቀው ጥቂት ማር ይጨምሩ፤ ፒኤቹ ከ10 በታች ከወረደ ጥቂት ኖራ ይጨምሩ። የላላ ቀለም ብቻ መስጠት ሲጀምር ኢንዲጎው አልቋል። የተዘፈዘፈው ቅጠል ናይትሮጅን ስላለው ኮምፖስት ውስጥ ይግባ። ኖራ ያለበት ውሃ በብዙ ውሃ ተቀጥኖ ማሳ ላይ ይፈስሳል፤ ወደ ቀሃ ወይም አንገረብ ወንዝ ግን አይደፋ።